የጨረቃ ቤቶች ከተማ፦ የሜልበርን አሮጌ ቤቶችና ያልተቋጨው ክርክር

ሜልበርን ውስጥ ካሉት ቤቶች ሁሉ በዕድሜ የምትበልጠው ፊትዝሮይ በሚባለው የአትክልት ስፍራ የቆመችው ትንሽ ጎጆ ናት። የተሠራችው በ1755 ነው። ከተማዋ የተቆረቆረችው ግን በ1835 ስለሆነ ቤቷ ከከተማዋ 80 ዓመት ትቀድማለች። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።) ምስጢሩ ቀላል ነው፤ ጎጆዋ እዚያ አልተሠራችም። እንግሊዝ አገር ዮርክሻየር ውስጥ ግሬት ኤይተን በምትባል መንደር የመርከበኛው የጄምስ ኩክ ወላጆች ያሠሯት ቤት ናት። ራስል ግሪምዌድ የተባለ የሜልበርን ባለጸጋ በ1933 በ800 ፓውንድ ገዛት። ድንጋይ በድንጋይ ፈርሳ በ253 ሣጥንና በ40 በርሜል ታሽጋ በመርከብ መጣች፤ በግድግዳዋ ላይ ከተጠመጠመው ሐረግ እንኳ ቁራጭ ተቆርጦ አብሮ ተጫነ። የከተማዋ መቶኛ ዓመት በዓል በጀመረበት በ1934 ተገጣጥማ ተመረቀች። ኩክ ራሱ ለሥራ ልምምድ ከቤተሰቡ የተለየው በ1745 ስለነበር ጎጆዋ ስትሠራ ከወጣ ዐሥር ዓመት ሆኖታል። ሜልበርን ያረፈችበትን ምድር ደግሞ አንድ ቀንም አልረገጠም።

ታዲያ ይህች ቤት የሜልበርን ታሪካዊ ቤት ናት ወይስ አይደለችም? መልሱ የሚወሰነው ስለ አሮጌ ቤት ሲነገር ምኑ እንደሚቆጠር ነው። ግድግዳው ከተቆጠረ ከእሷ የሚቀድም የለም። ቤቱ የቆመበት መሬት ከተቆጠረ የ1934 ቤት ናት። በውስጡ የኖረው ሰው ከተቆጠረ ደግሞ ለሜልበርን ባዕድ ናት። ስለ ከተማዋና ስለ ዙሪያዋ ቤቶች ለ190 ዓመት ያህል የተካሄዱት ክርክሮች ብዙ ቢመስሉም አብዛኞቹ የሚሽከረከሩት በእነዚህ ሦስት ነገሮች ዙሪያ ነው፤ በግድግዳው፣ በመሬቱና በነዋሪው። የሚያጣላውም ብዙ ጊዜ ተከራካሪዎቹ የትኛውን እየቆጠሩ እንደሆነ አለመናገራቸው ነው።

ካርታ ያልነበራቸው መሥራቾች

የመጀመሪያው የእንግሊዞች ሰፈራ ሙከራ የተደረገው በ1803 ከሜልበርን ባሕረ ሰላጤ አፍ አጠገብ ዛሬ ሶሬንቶ በሚባለው ቦታ ሲሆን ጥቂት ወራት ቆይቶ ተተወ። ከዚያ ሰፈር ያመለጠው እስረኛ ዊልያም በክሊ ከዋታውሮንግ ሕዝብ ጋር 32 ዓመት ኖሯል። እስረኛ አባቱን ተከትሎ በዚያው ሰፈር የነበረ ጆን ፓስኮ ፎክነር የሚባል የ11 ዓመት ልጅ ደግሞ ካደገ በኋላ ከሜልበርን መሥራቾች አንዱ ሆነ። ሌላው መሥራች ጆን ባትማን ይባላል። ሰኔ 1835 ከዉሩንጀሪ ሽማግሌዎች ጋር ተዋዋልኩ ብሎ ብርድ ልብስ፣ ቢላዋ፣ መጥረቢያ፣ መስተዋት፣ መቀስና ዱቄት ሰጥቶ 600,000 ኤከር መሬት የራሱ እንደሆነ አወጀ። በነሐሴ መጨረሻ የፎክነር ሰዎች ኢንተርፕራይዝ በተባለችው መርከብ መጥተው በያራ ወንዝ ዳር ጎጆ ቀለሱ።

ከሁለቱ ማን ይቀድማል የሚለው ጭቅጭቅ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የአካባቢ ታሪክ ጸሐፊዎችን ሲያሟግት ኖሯል። እንደ እኔ ግን ከዚህ ክርክር የሚገኘው ፍሬ ጥቂት ነው። ቁም ነገሩ ሁለቱም ፈቃድ ያልነበራቸው መሆኑ ላይ ነው። ሲድኒ የነበረው አገረ ገዢ ሪቻርድ ቡርክ ነሐሴ 26 ቀን 1835 ባወጣው አዋጅ የባትማንን ውል ውድቅ አደረገ፤ ያለ መንግሥት ፈቃድ በዚያ መሬት ላይ የተገኘ ሁሉ ሕገ ወጥ ነው ሲልም ደነገገ። በአዲስ አበባ አነጋገር የሜልበርን የመጀመሪያ ቤቶች የጨረቃ ቤቶች ነበሩ። የጨረቃ ቤት ዕጣ ደግሞ የታወቀ ነው፤ ሲነጋ ቆሞ ይገኛል፣ ከዚያ ወይ አፍራሽ ግብረ ኃይል ይመጣበታል፣ ወይ ዓመታት አልፈው ካርታ ይወጣለታል። የሜልበርኖቹ ካርታ ወጣላቸው። በ1836 መንግሥት የሆነውን ተቀብሎ ዳኛና ፖሊስ ላከ። በ1837 ከተማዋ ስም ወጣላት፤ ሮበርት ሆድል መንገዶቿን ለክቶ አሰመረ፤ ሰኔ 1 ቀን ደግሞ መሬቱ በጨረታ ተሸጠ። የታሪክ ጸሐፊው ጄምስ ቦይስ በ2011 ባሳተመው መጽሐፉ ክብደት የሰጠው ለዚህ ነጥብ ነው። እንደ እሱ አባባል መንግሥት ወራሪዎቹን ማስቆም ይችል ነበር። አለማስቆሙ ግን በጎቻቸውን ይዘው ባሕር ለተሻገሩት ሁሉ በሩን ከፈተ፤ የሌላው አውስትራሊያ መሬት አያያዝም በዚያው መንገድ ሄደ። ሌሎች ደግሞ ከሲድኒ ያን ያህል ርቀት ላይ አዋጁን ለማስፈጸም የሚበቃ ኃይል ከቶ አልነበረም ይላሉ። አንድ ነገር ግን አያከራክርም፤ በእንግሊዝኛ «ስኳተር» የሚለው ቃል፣ ያለ ፈቃድ መሬት የያዘ ማለት የነበረው፣ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ በአውስትራሊያ ሰፊ የግጦሽ መሬት ያለው የተከበረ ባለጸጋ ማለት ሆነ።

ውሉ ራሱም አልተቋጨም። ሽማግሌዎቹ መሬት መሸጣቸው ነበር ብሎ የሚከራከር ዛሬ እምብዛም አይገኝም። ሚዛን የሚደፋው አስተያየት ታንደሩም ከሚባለው ሥርዓታቸው ጋር ያያይዘዋል፤ እንግዳ ለተወሰነ ጊዜ በአገሩ እንዲያልፍና እንዲጠቀም የሚፈቀድበት፣ ስጦታም የሚለዋወጡበት ሥርዓት ነው። ሽማግሌዎቹ እንግዳ ተቀበሉ፤ እንግዳው ግን ርስት የገዛ መስሎት ሄደ።

ከዚህ ቀጥሎ የሚነሳው ደግሞ ሰፈራ ነው ወይስ ወረራ የሚለው የቃል ክርክር ነው። በእንግሊዝኛ ሁለቱ ቃላት ተራርቀው የቆሙ ናቸው፤ አንዱን የመረጠ ወገኑን የመረጠ ያህል ነው። አማርኛ እዚህ ላይ የሚለው ነገር አለው። «ሰፈረ» የሚለው ግስ ድንኳን ተክሎ ማደርን፣ በተለይም የጦር ጉዞ ሲያርፍ የሚሆነውን ይገልጻል፤ «ሰፈር» የወጣውም ከዚያው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ራስ ብሩ ሰፈርና ሠራተኛ ሰፈር ሲባል በስሙ ውስጥ የንጉሡን ጉዞ የተከተለ መኳንንትና ባለሙያ ድንኳኑን የተከለበት ቦታ አለ። ስለዚህ በእኛ አፍ «ሰፋሪ» ሲባል ገበሬውም ዘማቹም በአንድነት ይሰማሉ። የሜልበርን ተከራካሪዎች ለማጣመር የተቸገሩት ሁለት ነገር በአንድ ቃል ተጠቅልሎ ቆይቶልናል።

የመሥራቾቹ ቤቶችስ? አንድም አልቀረ። ባትማን ቤቱን የሠራባት ጉብታ ለባቡር ጣቢያ ሲባል ተቆርጣ ተደለደለች። ቤቱ ብቻ ሳይሆን መሬቱም ራሱ ሄደ።

ግድግዳ የሌለው ታሪክ

ከ1835 በፊት የነበረውን የቤት ታሪክ ለመናገር ትልቁ ፈተና የቆመ ግድግዳ አለመኖሩ ነው። በዉሩንጀሪዎች ቋንቋ «ዊላም» የሚለው ቃል ከዛፍ ልጥ የሚሠራውን መጠለያም፣ የሰፈሩበትንም ቦታ ይጠራል፤ ከጎሣዎቻቸው አንዷም ዉሩንጀሪ ዊላም ትባላለች። ልጡ ከባሕር ዛፍ ግንድ በትልቁ ይላጥና በቋሚ እንጨት ላይ ይደገፋል፤ ወቅቱ ሲለወጥ ሰዎቹ ይሄዳሉ፣ ሲመለሱ ያድሱታል። የጎጆ ክዳን በየጥቂት ዓመቱ ሲቀየር ላየ አገር ሰው ይህ እንግዳ አይደለም፤ ሣሩ ይለወጣል፣ ቤቱ ግን ያው የእገሌ ቤት ነው። ግድግዳ የሚቆጥር ሕግ ግን ለእንዲህ ያለ ቤት ዓይን የለውም።

ከሜልበርን በስተምዕራብ ሩቅ በሚገኘው ባድጅ ቢም ነገሩ ይለያል። የጉንዲትጅማራ ሕዝብ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሠራው የዓሣ ማጥመጃ ቦይ 6,600 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ነው፤ በአጠገቡም ክብ የድንጋይ ቤት መሠረቶች አሉ። ዩኔስኮ በ2019 በዓለም ቅርስነት መዘገበው። ክርክሩ ግን በዚያ አላበቃም። ብሩስ ፓስኮ በ2014 ባሳተመው «ጥቁር ኢሙ» በተሰኘ መጽሐፉ የአገሬው ሕዝብ ቋሚ ቤት የሚሠራ፣ እህል የሚዘራ፣ መንደር የሚመሠርት ነበር ብሎ ተከራከረ፤ ለማስረጃም የመጀመሪያዎቹን ነጭ አሳሾች ማስታወሻ ጠቀሰ። አንትሮፖሎጂስቱ ፒተር ሳተንና የአርኪዮሎጂ ባለሙያዋ ኬሪን ዎልሽ በ2021 ባወጡት መጽሐፍ ማስረጃው ከሚችለው በላይ ተለጥጧል አሉ። ከተቃውሟቸው ደግሞ የሚከብደው ሌላው ነው፤ ሕዝቡን ለማክበር የግድ ገበሬ ማድረግ የአውሮፓን መለኪያ መልሶ መቀበል ነው ይላሉ። አርኪዮሎጂስቶችም በበኩላቸው ከድንጋይ ክበቦቹ ውስጥ የትኞቹ የቤት መሠረት፣ የትኞቹ ዛፍ ሲገነደስ የተፈጠሩ እንደሆኑ ሲከራከሩ ቆይተዋል። የፓስኮ መጽሐፍ ለብዙ አንባቢ ዓይን የከፈተ ቢሆንም የሳተንና የዎልሽ ጥያቄ የሚታለፍ አይመስለኝም፤ ዊላም ቤት ለመባል ድንጋይ መሆን አያስፈልገውም።

ለሜልበርን የሚቀርበው ምስክር ኮራንደርክ ነው። ከከተማዋ በስተምሥራቅ ሂልስቪል አጠገብ በ1863 የዉሩንጀሪ መሪዎቹ ሳይመን ዎንጋና ዊልያም ባራክ የመሩት፣ ዉሩንጀሪዎችን የሚያካትተው የተፈናቀለ የኩሊን ሕዝብ የሰፈረበት ቦታ ነው። ቤት ሠሩ፣ አረሱ፤ ያመረቱት ሆፕ በሜልበርን ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ሽልማት አገኘ። የመንግሥት ቦርድ ሊያነሣቸው ሲነሣ በ1881 ፓርላማው አጣሪ ኮሚሽን እንዲያቋቁም አስገደዱ፤ ባራክና ጓደኞቹም ቀርበው መሰከሩ። በ1886 የወጣው ሕግ ግን ቅይጥ ደም ያላቸውን አስወጣ፤ ሰፈሩ የሠራተኛ ጉልበት ሲያጣ ተዳከመ፣ በ1924 ተዘጋ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መሬቱ ለተመላሽ ወታደሮች ተከፋፈለ። ዛሬ ጎልቶ የሚታየው ቤት ለተቆጣጣሪው የተሠራው የ1883 የሸክላ ቤት ነው። ግድግዳ ብቻ የሚቆጥር ጎብኚ ኮራንደርክን የተቆጣጣሪው ታሪክ አድርጎ ተረድቶ ይመለሳል። ባራክ ራሱ በ1903 አረፈ። በ2015 የተጠናቀቀ አንድ የካርልተን አፓርታማ ሕንፃ በረንዳዎች ከሩቅ ሲታዩ የእሱን ፊት እንዲሠሩ ተደርገው ተቀርጸዋል። ለአንዳንዱ ክብር ነው፤ ለሌላው ደግሞ መሬቱ የተወሰደበትን ሰው መልክ በውድ አፓርታማ ላይ መለጠፍ ነው።

ተጭነው የመጡ ቤቶች

የቆሙት አሮጌ ቤቶች ደግሞ የራሳቸው ጉድ አላቸው፤ ብዙዎቹ ተጓዦች ናቸው። ቻርልስ ላ ትሮብ በ1839 የሰፈሩ የበላይ ሆኖ ሲመጣ ቤቱን ከለንደን ይዞ ነበር። የዚያ ዘመን ተገጣጣሚ ቤት አሠራር ይህን ይመስላል፦ ቋሚዎቹ ጎድጎድ ያለ ቦይ አላቸው፤ የሳንቃ ገበታዎቹ ከላይ ወደ ታች በቦዩ ውስጥ ይንሸራተታሉ፤ ሁሉም በብሎን ይጠብቃል። ማንኛውም ቁራጭ አንድ ሰው ብቻውን ከሚሸከመው እንዳይከብድ ተደርጎ ይቆረጣል። አናጺ በሌለበት አገር አንድ ቁልፍ መፍቻ የያዘ ሰው ቤቱን ያቆመዋል። ይህ ቤት በ1963 ናሽናል ትረስት በሚባለው የቅርስ ማኅበር ተነቅሎ ወደ ሌላ ቦታ ሄደ፤ በ1998 እንደገና ተዛወረ። የበሰበሰው እየተተካ፣ የጠፋው በአሮጌ ሥዕል እየተመራ እንደገና እየተሠራ ስለቆየ ከመጀመሪያው አካል የቀረው ጥቂት ነው። ግድግዳው ተለውጧል፣ መሬቱ ተለውጧል። ታሪካዊ የሚያሰኘው ላ ትሮብ የኖረበት መሆኑ ብቻ ነው።

በ1851 ወርቅ ሲገኝ ሜልበርን ዋና ከተማዋ የሆነችው የቪክቶሪያ ሕዝብ 77,000 ገደማ ነበር፤ በ1861 ከ530,000 አለፈ። ለዚህ ሁሉ ሰው ቤት አልነበረም። በያራ ደቡብ ዳር የድንኳን ከተማ በቀለ፤ መንግሥትም ለአንድ ድንኳን በሳምንት 5 ሺልንግ ያስከፍል ጀመር። ከብሪታንያ የቆርቆሮ ቤቶች በመርከብ ይግተለተሉ ነበር። ሳውዝ ሜልበርን ኮቨንትሪ ጎዳና ላይ በ1853 እና በ1854 መካከል የቆመ አንድ የቆርቆሮ ቤት እስከ ዛሬ እዚያው አለ። ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ ነው፤ ልጆች የሚተኙት ከጣሪያው ሥር በጠባብ ደረጃ በሚወጣበት ቆጥ ላይ ነበር። በጥር ሙቀት ቆጡ ምን ይመስል እንደነበረ በቆርቆሮ ቤት ያደገ አንባቢ አስረጂ አያሻውም። በዚያው ግቢ ከሌላ ሰፈር ተነቅለው የመጡ ሁለት የቆርቆሮ ቤቶች ተጨምረዋል፤ አንዱ የማንቸስተሩ ቤልሃውስ ፋብሪካ ሥራ ነው። የሜልበርን ዩኒቨርሲቲው የሥነ ሕንፃ ታሪክ ምሁር ማይልስ ሉዊስ እነዚህን ተገጣጣሚ ቤቶች በማጥናት ታዋቂ ነው። የእሱ ሥራ ካሳየው አንዱ ነገር የሰፋሪውን ቤት በእጁ ያነጸው ጎጆ አድርጎ የሚያቀርበው ተረት ለሜልበርን ብዙም እንደማይሠራ ነው። ቤቱ ሸቀጥ ነበር፤ ተገዝቶ፣ ተጭኖ፣ ቀረጥ ተከፍሎበት ይገባል።

ይህ በቅርስ ባለሙያዎች ዘንድ መልስ ያጣ ጥያቄ አምጥቷል። በ1979 አውስትራሊያውያን የቅርስ ባለሙያዎች ያወጡት የቡራ ቻርተር አንድ ቤት ከቦታው መነቀል የለበትም፣ መነቀሉ ብቸኛው ማዳኛ ካልሆነ በስተቀር ይላል። ሊነቀል ተብሎ ለተሠራ ቤት ግን ይህ መርሕ እንዴት ይሠራል? ቻርተሩ በተፈጥሯቸው ለመነቀል የተሠሩትን ለይቶ ያያል፤ ሆኖም አንድ የቆርቆሮ ቤት 100 ዓመት በአንድ ሰፈር ከቆየ በኋላ አሁንም ተጓዥ ነው ወይስ ሰፈርተኛ ሆኗል የሚለው የሚወሰነው በየጉዳዩ ነው።

ከከተማው ወጣ ሲሉ

በገጠሩ ነገሩ ቀለል ይላል። ሰንበሪ አጠገብ የሚገኘው ኢሙ ቦተም የሚባለው የእርሻ ቤት በ1836 ገደማ የተሠራ ሲሆን ባለቤቱ ጆርጅ ኢቫንስ በኢንተርፕራይዝ መርከብ ከመጡት አንዱ ነበር። በቪክቶሪያ ከቆሙት የእርሻ ቤቶች ሁሉ ቀዳሚው ይኸው ነው ይባላል፤ ግድግዳው ከተሠራበት መሬት ያልተነቀለ በመሆኑ ከኩክ ጎጆና ከላ ትሮብ ቤት ይልቅ ለዚህ ማዕረግ የሚበቃ ይመስላል። ያራ ግሌን አጠገብ ያለው ገልፍ ስቴሽን ደግሞ ከተሰነጠቀ የባሕር ዛፍ ፍልጥ የተሠሩ ቤቶችና ጎተራዎች ያሉበት የስኮትላንዳውያን እርሻ ነው፤ ፍልጡ ጎን ለጎን ቆሞ መሬት ውስጥ ይተከላል፣ ቀዳዳው በጭቃ ይደፈናል።

ዛሬ ቶማስታውን በሚባለው ሰፈር ውስጥ የተዋጠው ዌስትጋርዝታውን በ1850 የተመሠረተ የጀርመን ሉተራውያን መንደር ነው። ሰማያዊ ድንጋይ የሚባለውን ጥቁር የእሳተ ገሞራ አለት ጠርበው ወፍራም ግድግዳና ቀጥ ያለ ጣሪያ ያላቸው ቤቶች ሠሩ፤ ቤተ ክርስቲያናቸው እስከ ዛሬ ያገለግላል። ስለዚህ መንደር አስደናቂው ነገር የቆየበት ምክንያት ነው። ቤቶቹን ያዳናቸው ውበታቸው አልነበረም፤ በአንድ ዘር እጅ ለትውልዶች መቆየታቸውና የቤተ ክርስቲያኑ ምእመናን ሳይበተኑ መኖራቸው ነው። እዚህ ነዋሪው ግድግዳውን አተረፈ።

በመንገዳችን ስለ ባሕር ዛፍ አንድ ነገር ማለት ይገባል። ነጩ ባሕር ዛፍ የታዝማኒያና የደቡብ ቪክቶሪያ ተወላጅ ነው። ከ1857 እስከ 1873 የሜልበርን የዕፅዋት ቦታ ኃላፊ የነበረው ጀርመናዊው ፈርዲናንድ ፎን ሙለር ዘሩን በዓለም ላይ በትኖታል። ዛፉ በ1890ዎቹ ኢትዮጵያ ገብቶ አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር አወጣ፤ ቋሚና ማገርም ሆኖ የጭቃ ቤቶቿን አቆመ። ስለዚህ የሜልበርን ዙሪያ የፍልጥ ቤትና የአዲስ አበባ ጭቃ ቤት አጥንታቸው ባሕር ዛፍ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የድሃ ሰፈር ሲወደድ

የቅርስ ሕጉ የመጣው ከማፍረስ ነው። በ1880ዎቹ የመሬት ንግድ ሲጦፍ እነ ካርልተንና ፊትዝሮይ በተያያዙ ቤቶች ተሞሉ፤ በረንዳቸው እንደ ጥልፍ በተሠራ ብረት የተከበበ ነው። በ1890ዎቹ ገበያው ወደቀ፤ ቤቶቹም ወደ ተከራይ መናኸሪያነት ወረዱ። ኦስዋልድ ባርኔት የተባለ ሰው ይመራው የነበረው ዘመቻ የሰፈሮቹን ጉስቁልና በፎቶግራፍ እያሳየ መንግሥትን ቀሰቀሰ፤ በ1937 መንግሥት ያቋቋመው አጥኚ ቦርድ ሪፖርት ወጣ፣ በ1938 የቪክቶሪያ የቤቶች ኮሚሽን ተቋቋመ። ኮሚሽኑ በ1960ዎቹ ሰፈር በሰፈር እያፈረሰ ፎቅ ይሠራ ጀመር።

እዚህ ላይ ሁለት ወገን ተቋቋመ። አንዱ የባርኔትን ዓላማ የያዘ ነው፦ ውኃ የሚያፈስ፣ ብርሃን የማይገባበት ቤት ውስጥ ሰው እየኖረ ስለ ብረት ጥልፍ ማውራት ቅንጦት ነው። ሌላው ወገን በሰፈሩ የሚኖሩ ስደተኞችን፣ ሠራተኞችንና አዲስ የገቡ ምሁራንን አሰባሰበ፤ የካርልተን ማኅበርና የግንባታ ሠራተኞች ማኅበር በየበኩላቸው አፍራሹን አገዱ። በ1974 ቪክቶሪያ ታሪካዊ ሕንፃዎችን የሚጠብቅ ሕግ አወጣች፤ በአውስትራሊያ ክፍላተ ሀገር ቀዳሚዋ ናት። የመጀመሪያው ወገን ዛሬም አንድ ያልተመለሰለት ጥያቄ አለው፦ የዳኑት ቤቶች ለማን ዳኑ? ያኔ የደሃ ቤት ተብለው ሊፈርሱ የነበሩት አሁን ደሃ ሊከራያቸው ቀርቶ መካከለኛ ገቢ ያለውም የማይደፍራቸው ሆነዋል። ግድግዳው ተረፈ፤ ነዋሪው ሄደ።

አሁን ያለው ሥርዓት በደረጃ የተከፈለ ነው። በክልል ደረጃ የቪክቶሪያ ቅርስ መዝገብ አለ፤ የሚተዳደረውም በ2017ቱ የቅርስ ሕግ ነው። ከዚያ በታች እያንዳንዱ ከተማ ምክር ቤት በፕላኑ ላይ የሚያሰምረው የቅርስ ክልል አለ፤ ጥበቃው ደካማ ቢሆንም ስፋቱ ትልቅ ነው። የአገሬው ሕዝብ ቅርስ ደግሞ በሌላ ሕግ፣ በ2006ቱ ይዳኛል። ኮራንደርክን የመሰለ ቦታ በሁለቱ ሕጎች መካከል ተከፍሎ ሊታይ መቻሉ የክርክሩ ሁሉ ምሳሌ ነው፤ ሕንፃው በአንዱ ሕግ፣ የአገሬው ሕዝብ ቅርስ በሌላው።

የከተማው ጥበቃ ምን ያህል እንደሚያስፈራ በጥቅምት 2016 ታየ። በ1850ዎቹ የተሠራ የካርልተን መጠጥ ቤት፣ ኮርክማን በሚል ስም የሚታወቀው፣ በቅርስ ክልል ውስጥ እያለ ያለ ፈቃድ በአንድ ቅዳሜና እሑድ ፈረሰ። ባለቤቶቹ ከባድ ቅጣት ተጣለባቸው፤ ሕዝቡም እንደነበረ ይሠራ ብሎ ጮኸ። እንደነበረ ቢሠራ ግን ምኑ ነው የሚመለሰው? የላ ትሮብን ቤት ተሠርቶም ታሪካዊ ብሎ የተቀበለ ሰው ይህን ለመመለስ ይቸገራል። በተቃራኒው ጫፍ የቤት እጥረት የሚያሳስባቸው ወገኖች የቅርስ ክልል ለሥራ የቀረቡትን ሰፈሮች ቆልፎ ወጣቱን ወደ ዳር እየገፋ ነው ይላሉ። መንግሥት በመስከረም 2023 በዐሥር ዓመት 800,000 ቤት እሠራለሁ ብሎ ካወጀ ወዲህ ይህ ድምፅ በርትቷል።

የኮሚሽን ፎቆች

የ800,000 ቤቱ ዕቅድ በታወጀበት ቀን ሌላ ዕቅድም ተነገረ፤ ኮሚሽኑ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ካቆማቸው ፎቆች 44ቱ እስከ 2051 ፈርሰው ቦታቸው እንደገና ይለማል። ነዋሪዎቻቸው 10,000 ገደማ ናቸው። ከእነዚህ ፎቆች በፍሌሚንግተን፣ በኖርዝ ሜልበርንና በካርልተን ያሉት ለኢትዮጵያውያን፣ ለኤርትራውያንና ለሶማሌዎች ከ1980ዎቹ ጀምሮ የመጀመሪያ ጣራ ሆነው ኖረዋል።

አሠራራቸው ከላ ትሮብ ቤት ብዙም አይርቅም። ሆልምስግሌን በሚባለው ሰፈር በቀድሞ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ውስጥ የኮንክሪት ገበታ እየተጣለ፣ የመስኮቱ ቦታ እንደተከፈተ በጭነት መኪና ተጭኖ፣ በክሬን እየተነሣ አንዱ በአንዱ ላይ ይገጠማል። ያው ተገጣጣሚ ቤት ነው፤ ልዩነቱ እስከ 20 ፎቅና ከዚያም በላይ መሆኑና ተነቅሎ የትም የማይሄድ መሆኑ ነው።

መንግሥት የሚለው ፎቆቹ አርጅተዋል፣ ለአካል ጉዳተኛ አይመቹም፣ ክረምት ይቀዘቅዛሉ በጋ ይግላሉ፣ ቢታደሱም ለዛሬው መለኪያ አይበቁም ነው፤ ፈርሰው ሲሠሩ በቦታቸው 30,000 ሰው ይኖራል ይላል። ተቃዋሚዎቹ አርክቴክቶች አጥንቱ ጤነኛ ስለሆነ ነዋሪው ሳይበተን ማደስ ይቻላል ብለው ዝርዝር ንድፍ አቅርበዋል፤ በፈረንሳይም እንዲህ ተደርጓል ይላሉ። ሦስተኛው ክርክር ስለ ግድግዳው አይደለም፣ ስለ ባለቤትነት ነው። የሕዝብ ቤት በመንግሥት ስም የሚከራይ ነው፤ የማኅበረሰብ ቤት ለትርፍ ባልቆሙ ድርጅቶች የሚተዳደር ነው። ሁለቱ በቋንቋ ቢመሳሰሉም በኪራይ አወሳሰንና በተከራይ መብት አንድ አይደሉም። የቀበሌ ቤት ከግል ኪራይ ምን እንደሚለይ የሚያውቅ አንባቢ ነገሩ ለምን እንደሚያስፈራ ይገባዋል። ነዋሪዎች ጉዳዩን እስከ ፍርድ ቤት አድርሰውታል።

በእነዚህ ፎቆች ታሪክ ጎልቶ የሚጠቀሰው ሐምሌ 4 ቀን 2020 ነው። በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት በፍሌሚንግተንና በኖርዝ ሜልበርን ያሉ ዘጠኝ ፎቆች 3,000 ከሚሆን ነዋሪያቸው ጋር ያለ ማስጠንቀቂያ በፖሊስ ተዘጉ። በአብዛኞቹ አምስት ቀን ቆየ፤ በአንዱ ግን ሁለት ሳምንት ያህል ቀጠለ። የቪክቶሪያ እንባ ጠባቂ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ባወጣችው ሪፖርት አፈጻጸሙ የሰብአዊ መብት ሕጉን የጣሰ ነበር አለች፤ በ2023 ነዋሪዎቹ 5 ሚሊዮን ዶላር እንዲካሱ ስምምነት ተደረሰ። ይህ ከሃምሳ ዓመት በኋላ በመጽሐፍ የሚገባ ታሪክ ነው፤ የደረሰባቸው ግድግዳዎች ግን ያኔ አይኖሩም።

ታዲያ ፎቆቹ ቅርስ ናቸው? በውበት ቢመዘኑ የሚሟገትላቸው ጥቂት ነው። የቪክቶሪያ መዝገብ ግን ስምንት መመዘኛዎች አሉት፤ ከእነርሱም አንዱ ቦታው ዛሬ ካለ አንድ ማኅበረሰብ ጋር ያለውን ጠንካራ ማኅበራዊ፣ ባህላዊ ወይም መንፈሳዊ ትስስር ይጠይቃል። ነዋሪውን የሚቆጥር በር በሕጉ ውስጥ አለ ማለት ነው። አዲስ አበባ እንዲህ ያለ በር የላትም ባይባልም ሲከፈት እምብዛም አይታይም። በ2024 በፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች በኮሪደር ልማት ሲፈርሱ ክርክሩ በአብዛኛው የትኛው ሕንፃ በቅርስነት ተመዝግቧል የትኛው አልተመዘገበም በሚለው ላይ ነበር፤ በጓዳ በጓሮው የኖረው ሰውና ዕድሩ ወዴት ይሂድ የሚለው ዘግይቶ መጣ።

ሜልበርን ውስጥ ግን በዚህ በር ለመግባት የሚሞክር ጠበቃ አንድ የቅደም ተከተል ችግር ይገጥመዋል። ማፍረሱ የሚጀምረው በግሬደር አይደለም፤ ተከራዩን በየበሩ እያነጋገሩ ወደ ሌላ ሰፈር በማዛወር ነው። መመዘኛው ደግሞ ዛሬ ያለ ማኅበረሰብ ይላል። ማመልከቻው ቀርቦ፣ ተመርምሮ፣ ችሎት ተቀምጦበት ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ ፎቁ ባዶ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ማኅበረሰቡ ዛሬ የት እንዳለ ለመዝጋቢው የሚመሰክሩት ከከተማው ዳር ወዳሉ አዲስ አድራሻዎቻቸው የተበተኑት ተከራዮች ናቸው።